ስታንድ ምንድን ነው? (ክሪክ አይደለም፣ ከዛ እንጀምር)

ሰሞኑን አንድ ሰው እንዲህ ብሎ ጽፎ አየሁ፣ «ባለ 3 ቶን ስታንድ አለኝ፣ መኪናዬ 1.5 ቶን አትሞላም፣ በደንብ ፓምፕ አርጌ ከስር ገብቼ እሰራለሁ፣ ሌላው የፈሪ ወሬ ነው»። ፓምፕ የሚደረግ ስታንድ የለም ወንድሜ። አንተ ያለህ ክሪክ ነው። የቃል ስህተት ብቻ ቢሆን አልፈው ነበር፣ ግን ሁለቱን አንድ አርጎ የሚጠራ ሰው አንድ አርጎ ነው የሚጠቀምባቸው፣ ይሄን ደግሞ ስንቴ እንዳየሁት።

ክሪክ ያነሳል፣ ስታንድ ይሸከማል። ስታንድ ማለት እግሩ የተንሰራፋ፣ መሀሉ ያለው ዘንግ ወደላይ ተስቦ በጥርስ ወይም በፒን የሚቆለፍ፣ ዘይት የሌለው፣ ጉሚኒ የሌለው ደረቅ ብረት ነው። ምንም አይሰራም፣ ዝም ብሎ ይቆማል፣ የምንፈልገውም እሱኑ ነው።

አሁን ወደሚያበሽቀኝ ነገር ልምጣ፣ ቶኑ። ክሪኩ ላይ የተጻፈው 3 ቶን ምን ያህል ማንሳት እንደሚችል ነው የሚነግርህ። ለስንት ሰዓት ይዞ እንደሚቆይ አይነግርህም፣ ከጎን ሲገፋ ምን እንደሚሆንም አይነግርህም። አንድ ጎረምሳ ኩንታል ብድግ አርጎ ትከሻው ላይ ማስቀመጥ ይችላል እንበል፣ ጥሩ፣ ጉልበት አለው። እሱ ግን ኩንታሉን እንደያዘ አንተ እግሩ ስር ፍራሽ ዘርግተህ ትተኛለህ? ትንሽ ቆይቶ ትከሻው ይዝላል፣ ዝንብ ታርፍበታለች፣ የሆነ ሰው ሲያልፍ ይገፋዋል። ሌላ ጎረምሳ ደግሞ ሁለት ኩንታል ያነሳል ብትለኝ እሱም ያው ይዝላል፣ ጥያቄው የጉልበት አይደለም። ስታንድ ምሰሶ ነው፣ ምሰሶ አይዝልም። እንደውም ጎረምሳው ይሻላል፣ ሲደክመው «ኧረ ያዙልኝ» ይላል፣ ክሪክ ግን አፍ የለውም።

እኔ ሃይድሮሊክ ጠጋኝ ስለሆንኩ የክሪክ ሆድ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። መኪናህን አየር ላይ የያዘው የቀይ ቀለሙ ወፍራም ብረት አይደለም፣ የታፈነ ዘይት ነው፣ ዘይቱን ያፈነው ደግሞ ፒስተኑ ላይ ያለች ጉሚኒና ከስር ያለች ሽንብራ የምታክል የብረት ኳስ ናቸው። ኳሷ ስር አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከገባች ዘይቱ ወደኋላ ይመለሳል፣ ክሪኩም ይወርዳል። አንዱ ደንበኛ «ኧረ ምንም አይወርድም፣ እጀታው ብቻ ነው የላላው» ብሎ አመጣልኝ፣ ማታ አሮጌ መኪና ስር አስገብተን አነሳንና በጠመኔ ከፍታውን ምልክት አረግን፣ ጠዋት ስንመጣ ሁለት ጣት ወርዷል። ጉሚኒዋን ሳወጣት ጠርዟ ላይ ክር የምታህል ጭረት ነበረች፣ በብርሃን ካላዞርካት አትታይም። ሁለት ጣት ሲወርድ ከስር ያለው ሰው መፍቻ ለማቀበል እንኳ ቦታ አያገኝም። እንዲህ ቀስ ብሎ የሚወርደው ደግሞ ደጉ ክሪክ ነው፣ ጉሚኒው ካበጠና ከተቀደደ አንዴ ነው የሚለቀው።

«የኔ እንኳ የሚጠመዘዘው ነው፣ ዘይት የለውም» የሚልም አለ። ከመኪናው ጋር የሚመጣው ማለት ነው። እውነት ነው አይፈስም፣ ግን መቀመጫው የመዳፍ ያህል ነው፣ ከጎን ትንሽ ገፋ ስታረገው ይገለበጣል። ጎማ ቀይሮ ለመሄድ ነው የተሰራው፣ ያውም ከስር ሰው ሳይኖር።

የጎን ግፊት ከየት ይመጣል ካላችሁ፣ ከራሳችሁ። የጠበቀ ቡሎን በረጅም መፍቻ ስትጎትቱ መኪናዋን ነው የምትጎትቱት (ለዚህ ነው የጎማ ቡሎን መሬት ላይ እያለች ላላ የሚደረገው)። ሌላው ደግሞ ተንሸራታቹ ክሪክ (ከስሩ ትንንሽ ጎማ ያለው) ክንዱ ሲነሳ ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ በቅስት ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ወይ ክሪኩ በጎማው ይንከባለላል ወይ መኪናዋን ይጎትታታል። አፈር ላይ ወይም ጠጠር ላይ አይንከባለልም፣ ስለዚህ መኪናዋ ትሳባለች፣ ሰዉ ግን ፓምፕ ማድረጉን ይቀጥላል። ፀሐይ የመታው አስፋልትም ቢሆን ይለሰልሳል፣ የስታንዱ እግር ይሰምጥበታል፣ ከስሩ ወፈር ያለ ጣውላ ወይም ላሜራ አድርጉ።

ታኮም አለ፣ ጎማ እንዳይንከባለል ስሩ የሚሸጎጠው። «የእጅ ፍሬን ይዣለሁ፣ ማርሹንም ፒ አርጌዋለሁ» ይሉሃል (ፒ ማለት የአውቶማቲክ ማርሽ ማቆሚያው ነው)። የእጅ ፍሬን ባብዛኛው መኪና ላይ የኋላ ጎማ ነው የሚይዘው። መኪናዋ በኋላ ጎማ የምትነዳ ከሆነችና ኋላዋን ሙሉ ካነሳህ፣ ፍሬኑም ፒውም የያዙልህ አየር ላይ ያለ ጎማ ነው፣ መሬት የነኩትን የፊቶቹን ማንም አልያዛቸውም። በፊት ጎማ የምትነዳዋ ደግሞ አንዱ የፊት ጎማ ብቻ እንኳ ቢነሳ ፒ ብቻውን አያቆማትም፣ ዲፈረንሻሉ (ግራና ቀኝ ጎማ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርገው) የተነሳውን ጎማ እያሽከረከረ መሬት ያለውን ይለቀዋል። ስለዚህ መሬት ላይ የቀረው ጎማ ከፊትም ከኋላም ታኮ ይገባበት።

በስታንድ ፋንታ መኪና ስር ብሎኬት የምትደረድሩ ሰዎች፣ እናንተንማ ምን ልበላችሁ። ብሎኬት ግድግዳ ውስጥ ጫናው ተከፋፍሎ ሲያርፍበት ጎበዝ ነው፣ የመኪና ጫና ግን በአንዲት ጠባብ ብረት ነው የሚያርፍበት፣ ያን ጊዜ ጭረት ሳያሳይ ዱቄት ይሆናል። ያ ጎረምሳ ቢያንስ ይንገዳገዳል፣ ብሎኬት አይንገዳገድም።

ስታንድም ቢሆን ዝም ብሎ አይታመንም። እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ ባለ 3 እና ባለ 6 ቶን ስታንዶች ሸክም ላይ እያሉ ጥርሳቸው ሊላቀቅ ይችላል ተብለው ከገበያ ተጠርተው ነበር፣ በምትካቸው ከተሰጡት ውስጥም የብየዳ ችግር የተገኘባቸው ነበሩ። ስለዚህ ብየዳውን እዩት፣ ጥርሱ ሙሉ በሙሉ መግባቱን እዩ፣ ተጨማሪ ፒን ያለው ከሆነ አስገቡት፣ የተጻፈው ቶን ለአንዱ ይሁን ለጥንዱ አንብቡ። የሚቀመጠው ደግሞ የመኪናው መመሪያ ባሳየው ቦታ ነው፣ ወይም ሻንሲ ላይ፣ ኮፓ (የሞተር ዘይት መያዣው) ላይ አይደለም። የኤሌክትሪክ መኪና ከሆነች ወለሉ ባትሪ ነው፣ እዛ ጋ ክሪክም ስታንድም አይጠጋም።

እኔ የማደርገው፣ ስታንዱን ካስገባሁ በኋላ ክሪኩን ቀስ ብዬ ለቅቄ ሸክሙን ለስታንዱ አሳልፋለሁ፣ ከዛ ክሪኩን መልሼ ብረቱን እስኪነካ ብቻ ከፍ አርጌ እዛው እተወዋለሁ፣ የወጣውን ጎማ በጎን ከስር አስተኛዋለሁ፣ ከዛ መኪናዋን በዳሌዬ ገፋ ገፋ አደርጋለሁ። ከተንቋቋች አወርዳትና እንደገና። መውደቋ ካልቀረ እኔ ውጭ ቆሜ ትውደቅ።

ያ መጀመሪያ ላይ ያልኳችሁ ሰውዬ ግን እዛው ጽሑፉ ስር ለሌላ ሰው የመለሰውን አየሁ፣ «የክሪኬ ዘይት ሲያልቅ የፍሬን ዘይት ሞላሁበት፣ አሪፍ ይሰራል» ይላል። የፍሬን ዘይት የክሪክ ጉሚኒ ያሳብጣል፣ ለክሪክ የሚሞላው የክሪክ ዘይት ነው። መቼ እንደሞላህበት ብትነግረኝ ደስ ይለኛል፣ እስክትነግረኝ ግን ከስሩ ውጣልኝ።