«ፍትሐዊና ምክንያታዊ አጠቃቀም» ሲባል ምን ማለት ነው?

በዓባይ ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት ውስጥ ያለውን ይህን ሐረግ ብዙ ሰው ውኃውን እኩል መካፈል አድርጎ ይረዳዋል። ስምምነቱ ግን ለማንም አገር በሜትር ኩብ የተቆረጠ ድርሻ አይሰጥም፤ ፍትሐዊነቱ የሚመዘነው በውኃው ላይ ኑሮውን የመሠረተው ሕዝብ፣ አገሩ ለወንዙ የሚያበረክተው መጠን፣ አሁን ያለውና ወደፊት ሊኖር የሚችለው አጠቃቀም፣ ሌሎችም ሁኔታዎች በአንድነት ታይተው ነው። በእኔ እምነት ዋናው ቁም ነገር «ወደፊት ሊኖር የሚችለው» የሚለው ነው፤ ወንዙ በማሳው ሥር እየፈሰሰ ዝናብ ሲጠብቅ የኖረ ገበሬ ያለበት አገር፣ እስከ ዛሬ አልተጠቀመምና መብት የለውም እንዳይባል ይጠብቀዋል። ስምምነቱ 6 አገሮች ካጸደቁት በኋላ ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. በሥራ ላይ ውሏል፤ ግብፅና ሱዳን ግን አባል ስላልሆኑ ስምምነቱ አያስገድዳቸውም።