ጣናና የአባይ መውጫ፦ ለመዝናኛ የውሃውን ሁኔታ መመዘን

ጣና የኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅ ነው። የቆዳ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ የሚገኘውም ከባሕር ወለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ጥልቀቱ ግን ከስፋቱ ጋር ፈጽሞ አይመጣጠንም፤ እጅግ ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር አካባቢ ነው። በጀልባ ለሚንሸራሸር፣ ለሚቀዝፍ ወይም ዓሣ ለሚያጠምድ ሰው ከዚህ የበለጠ ቁም ነገር የለም። እንዲህ ሰፊ ሆኖ ጥልቀቱ ያነሰ ውሃ ነፋስ ሲነካው ቶሎ ይቆጣል፤ ሞገዱም አጭርና ተከታታይ ስለሚሆን ትንሽ ጀልባን ክፉኛ ያንገላታል።

ባሕር ዳር የተቆረቆረችው በሐይቁ ደቡባዊ ጫፍ፣ የዘጌ ባሕረ ገብ መሬት በሰሜን ምዕራብ በኩል በሚከልለው ባሕረ ሰላጤ ዳር ነው። ስለዚህ በከተማው ዳርቻ ቡና እየጠጡ የሚያዩት ጸጥ ያለ ውሃ ስለ ክፍቱ ሐይቅ ብዙ አይናገርም። የጣና እውነተኛ ጠባይ የሚታየው ክብራን ገብርኤልና እንጦስ የተባሉትን ደሴቶች አልፎ ወደ ደቅና ዳጋ እስጢፋኖስ ደሴቶች ሲቀና ነው።

በበጋ የሐይቁን ዕለታዊ ጠባይ የሚወስነው ፀሐይ ነው። ከረፋዱ በኋላ የብሱ ከውሃው ይልቅ ፈጥኖ ይሞቃል፤ በየብሱ ላይ ያለው አየር ሽቅብ ሲነሳ የሐይቁ ቀዝቃዛ አየር ቦታውን ሊይዝ ይመጣል። በባሕር ዳር በኩል ይህ ነፋስ ከሰሜን፣ ከሐይቁ ወደ ከተማው ይነፍሳል፤ በሰሜኑ ዳርቻ ባለችው በጎርጎራ በኩል ደግሞ አቅጣጫው ይገለበጣል። ማለዳ ላይ ረግቶ የነበረው ውሃ ከሰዓት በኋላ የሚናጠው በዚህ ምክንያት ነው። ጀልባ ነጂዎች ከጠዋቱ 1 ወይም 2 ሰዓት ላይ ለመነሳት የሚጣደፉት ያለ ነገር አይደለም። በሞተር ጀልባ ዘጌ ለመድረስ አንድ ሰዓት ገደማ ይበቃል፤ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳልሞ ውሃው ሳይነሳ መመለስ ይቻላል። ዳጋና ደቅ ግን ሩቅ ስለሆኑ የመልስ ጉዞው ከሰዓት በኋላ ላይ ይወድቃል። እዚያ መሄድ የሚፈልግ ሰው ገና ጎህ ሲቀድ መነሳት፣ ካረፈደ ደግሞ ጉዞውን ለማግስቱ ማሳደር አለበት። ቀጠሮና ክፍያ ተፈጽሟልና እንሂድ ማለት እዚህ ላይ ምክንያት ሊሆን አይገባም።

በስልክ የሚታየው የከተማው ትንበያ ዝናብ ይኖር እንደሆነ ይጠቁማል እንጂ የሐይቁን መሀል አያሳይም። ዓይን የተሻለ ይመሰክራል። በሩቅ ያለው የውሃ ፊት ጠቁሮ ወደ ዳር እየሰፋ ከመጣ፣ የሞገዱ ጫፍም ነጭ አረፋ ማውጣት ከጀመረ፣ ነፋሱ ደርሷል ማለት ነው። በሚያዝያና በግንቦት፣ ከዚያም በክረምቱ፣ ከሰዓት በኋላ የሚጠቁር ደመና ዝናቡን ከማውረዱ በፊት ድንገተኛ ነፋስ ይለቃል። ነጎድጓድ ከተሰማ ሳይጠብቁ ወደ ዳር መውጣት ነው፤ በክፍት ውሃ ላይ ከፍ ብሎ የሚታየው ጀልባውና ሰዎቹ ስለሆኑ ለመብረቅ የተጋለጡ ናቸው።

ወሩም የራሱ ፍርድ አለው። ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ በክረምት አፈር ተሸክመው ስለሚገቡ ውሃው ይደፈርሳል፤ በወንዞቹ አፍ አካባቢ ግንድና ቅርንጫፍ ይንሳፈፋል። ሐይቁ ከፍተኛ መጠኑ ላይ የሚደርሰው ዝናቡ ሲያባራ፣ በመስከረምና በጥቅምት ነው፤ ከዚያ እየቀነሰ ሄዶ ግንቦትና ሰኔ ላይ ዝቅ ይላል። በጎደለ ጊዜ በዳርቻውና በደሴቶቹ ዙሪያ የተደበቀው ድንጋይ ወደ ላይ ይቀርባል። በ2003 እ.ኤ.አ. ውሃው እጅግ ወርዶ ትልልቆቹ መርከቦች መንቀሳቀስ አቅቷቸው ነበር። ሁሉም ተደምሮ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይመረጣል፤ ውሃው ሙሉ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ማለዳውም የረጋ ነው።

ለመዋኘት ሲሆን ግን የረጋ ውሃ በጎ ምልክት ላይሆን ይችላል። ደንገልና ሣር የበዛበት፣ ሞገድ የማይደርስበት ጥግ ለዓይን ያማልላል፤ ይሁን እንጂ ብልሃርዚያን የሚያስተላልፉት ትናንሽ ቀንድ አውጣዎች የሚመርጡት እንዲህ ያለውን ቦታ ነው። በጣና ዳርቻ በሽታው ለረጅም ጊዜ የታወቀ ነው። በሽታውን የሚያመጣው ጥገኛ ተሕዋስ በቆዳ በኩል ስለሚገባ ውሃውን አለመጠጣት አያድንም፤ ከቀንድ አውጣው በብዛት የሚወጣውም በጠራራው ፀሐይ፣ ልጆች ለመዋኘት በሚመርጡት ሰዓት ነው። ስለዚህ በዳርቻው መዋኘት አይመከርም። ውሃው ውስጥ የገባ ሰው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ቢመረመር መልካም ነው፤ ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት በሽታውን ያክማል።

ሌላው የጥጉ ባለቤት ጉማሬ ነው። በደብረ ማርያም ደሴትና አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ይታያል። ቀን ውሃ ውስጥ ይውላል፤ ሲመሽ ለግጦሽ ይወጣል፤ ንጋት ላይ ይመለሳል። በእሱና በውሃው መካከል መገኘት አደገኛ ነው። ታንኳም ሆነ ካያክ ዝቅ ያለና ጸጥተኛ በመሆኑ ሳይታወቅ ሊጠጋው ይችላል። ለፎቶ ብሎ ጀልባውን ጠጋ አድርግ ማለትን የመሰለ አላስፈላጊ ድፍረት የለም፤ ከሩቅ፣ ሞተሩን ሳያጠፉ፣ መውጫ መንገዱን ሳይዘጉበት ማየት ይበቃል።

ከሐይቁ ሲወጣ አባይ በከፊል የሰው እጅ ያለበት ወንዝ ይሆናል። መውጫውን የሚቆጣጠረው የጨረጨራ ግድብ በ1996 እ.ኤ.አ. ሁለት በሮች ይዞ ተጠናቀቀ፤ በ2001 እ.ኤ.አ. አምስት ተጨመሩለት። ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ የሐይቁን ውሃ ወደ በለስ ይወስዳል። ስለዚህ ከግድቡ በታች የወንዙን መጠን በሰማዩ ብቻ መገመት ያሳስታል፤ በሮቹ ሲከፈቱ ዝናብ ሳይጥልም ውሃው ሊጨምር ይችላል። በወንዙ መሀል ባለ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ መዝናናት አይገባም።

ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀው የጢስ እሳት ፏፏቴ ሙሉ ግርማው የሚታየው በነሐሴ መጨረሻ፣ በመስከረምና በጥቅምት መጀመሪያ ነው። በበጋ የኃይል ማመንጫዎቹ ውሃውን ስለሚወስዱበት የሚቀንስ መሆኑን አውቆ መሄድ ከቅሬታ ያድናል። በሞላ ጊዜ የአላታን ድልድይ ተሻግሮ የሚወስደው የእግር መንገድ በጢሱና በዝናቡ ያዳልጣል፤ ከፏፏቴው በላይ በጀልባ መሻገርም ወንዙ ከፍ ባለበት ቀን ሊተው የሚገባው ነው።

ወደ ሐይቁ ስንመለስ፣ እንቦጭ የተባለው ተንሳፋፊ አረም በአብዛኛው የሚያጠቃው የሰሜንና የሰሜን ምሥራቅ ዳርቻውን፣ የደምቢያንና የፎገራን በኩል ነው። ነፋስ እየገፋው ቦታ ስለሚቀያይር ግን ትናንት ክፍት የነበረ መግቢያ ዛሬ ተዘግቶ ሊገኝ ይችላል፤ የሞተሩን ፕሮፔለር ከያዘ ደግሞ ጀልባውን መሀል ላይ ያቆመዋል።

ጀልባ ላይ ከመውጣት በፊት ላይፍ ጃኬቱ ለእያንዳንዱ ሰው መኖሩን፣ ለልጆችም ልካቸው የሆነ መኖሩን ማየት ያስፈልጋል። ከመቀመጫ ሥር ተጠቅልሎ የተቀመጠ ጃኬት ጀልባው ከተገለበጠ በኋላ አይለበስም፤ ገና ከዳር ሳይለቁ ይታጠቁት። መጠባበቂያ ነዳጅና መቅዘፊያ መያዙንም መጠየቅ ነውር የለውም። ነጂው «ዛሬ ይቅር» ካለ ክርክር አያስፈልግም።