የዶሮ ግቢ ጭቃ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ዝናብ ሲደጋግም የዶሮ ግቢ ማጥ ለመሆን ጊዜ አይፈጅበትም። ዶሮዎቹ ሣሩን ቀድመው ጨርሰውታል፤ አፈሩንም ጭረው ጭረው አላልተውታል። ላዩ ላይ ኩስ አለ። በዚህ ጊዜ ምክር የሚሰጥ ሰው አይጠፋም። አብዛኛው ምክር ግን ጭቃውን ስለመሸፈን ነው። ውሃው መላ እስካላገኘ ድረስ ምን ቢደፉበት ተመልሶ ጭቃ ይሆናል።

«ገለባ ነስነስ ቢደረግበት ይደርቃል።»

ለአንድ ቀን እውነት ነው። ገለባው ውሃውን ይመጥጣል፣ ግቢውም ያማረበት ይመስላል። ከዚያ በኋላ ግን የመጠጠውን ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ይረገጣል፣ ይተኛል፣ ከኩሱ ጋር ይቦካል። ጥቂት ቀን ቆይታችሁ በመንሽ ገለጥ ብታደርጉት ከላይ ቢጫ፣ ከሥር ጥቁር፣ የሚያዳልጥና የሚከረፋ ሆኖ ታገኙታላችሁ። እርጥብ ገለባ ሻጋታም ያበቅላል። በተለይ አስፐርጊለስ የሚባለው ሻጋታ ብናኙ ወደ ዶሮ ሳንባ ገብቶ የመተንፈሻ ሕመም ያመጣል፤ ጫጩት ላይ ደግሞ ይከፋል።

ለውጭ የሚሻለው ከቅርንጫፍ የተከተፈ ሸካራ እንጨት ነው። ቁራጩ ተለቅ ስለሚል ውሃው በመሃሉ ወደ ታች ያልፋል፣ ዶሮዎቹም ከላይ ደረቅ ነገር ይረግጣሉ። ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር ውፍረት ይኑረው። ቀለም ወይም መድኃኒት የተቀባ እንጨት ግን አይግባ። ሰጋቱራም ለውጭ አይሆንም፤ ደቃቅ ስለሆነ እንደ ገለባው ውሃ ይዞ ይጣበቃል። ገለባና ሰጋቱራ ቦታቸው ደረቁ የዶሮ ቤት ውስጥ ነው።

«ዝናብ የሰማይ ነው፤ ምን ማድረግ ይቻላል?»

ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ጋ ነው። ግቢውን የሚያጨቀየው ውሃ ብዙ ጊዜ በቀጥታ ከሰማይ የወረደው ብቻ አይደለም። ከጣሪያ የሚወርድ አለ፣ ከላይኛው መሬት እየተንሸራተተ የሚመጣ አለ።

እስቲ ጣሪያውን እናስላው። 1 ሚሊሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። 3 በ4 ሜትር የሆነ ጣሪያ 12 ካሬ ሜትር ነው። አንድ ቀን 25 ሚሊሜትር ቢዘንብ 300 ሊትር ውሃ ይወርዳል ማለት ነው። ጣሪያው ወደ ግቢው ካዘነበለ ይህ ሁሉ ውሃ የሚያርፈው በአንድ ቀጭን መስመር ላይ ነው። ከክፈፉ ሥር አፈሩ ተቦርቡሮ ጠጠሩ ፈጦ ካያችሁ ጥፋተኛውን አገኛችሁት። አንድ አሸንዳና ውሃውን ርቆ የሚያፈስ ቱቦ ከብዙ ጆንያ የተከተፈ እንጨት ይበልጣል።

መሬቱ ተዳፋት ከሆነ ከግቢው በላይ በኩል ቦይ ቆፍሩ፤ ውሃው ሳይገባ ዞሮ ይሂድ። የት መቆፈር እንዳለበት የምታውቁት ደረቅ ቀን ቆማችሁ በመገመት አይደለም። ዝናቡ እየወረደ ጃንጥላ ይዛችሁ ውጡና ውሃው በየት እንደሚገባ፣ የት እንደሚያቁር እዩ። የመጠጫውንም ዙሪያ አትርሱ። የሚያንጠባጥብ መጠጫ በበጋም ጭቃ ያበጃል። ከፍ አድርጋችሁ ጠጠር ላይ አስቀምጡት።

«አሸዋ ይደፋበት።»

እንደ አሸዋው ነው። ደቃቅ አሸዋ ጭቃ ላይ ሲደፋ ይሰምጣል፣ ጭቃው ብቻ ይጨምራል። አሸዋ የሚሠራው መጀመሪያ ጭቃው ተዝቆ ሲወጣ፣ ከሥር ጠጠር ሲነጠፍ፣ ከዚያ ሸካራው አሸዋ ሲለብስ ነው። ድካም አለው፣ ግን ይቆያል።

«ኖራ ያደርቀዋል፣ ጀርሙንም ይገድላል።»

ያልበረደ፣ ማለትም ገና ውሃ ያልነካው ኖራ ውሃ ሲነካው ይፈላል፣ ያቃጥላል። የበረደውም ቢሆን እርጥብ እግርና ዓይን ይጎዳል። ዶሮ ደግሞ ቀኑን ሙሉ በባዶ እግሯ መሬት ስትጭር የምትውል ናት። ለእርሻ የሚሆነው የተፈጨ የኖራ ድንጋይ አያቃጥልም፤ ግን እሱም የቆመ ውሃ አያስወጣም። ዶሮ ባለበት ግቢ ኖራ አትበትኑ።

«ዶሮ ጭቃ ምን ያደርጋታል? ለምዳዋለች።»

ያደርጋታል እንጂ። ሁልጊዜ እርጥብ የሆነ እግር ቆዳው ይለሰልሳል። ትንሽ ጭረት ስታገኝ ስታፊሎኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ይገባና መዳፉን ያሳብጠዋል። ማታ ቆጥ ላይ ከወጡ በኋላ አንድ በአንድ እያነሳችሁ መዳፋቸውን እዩ። መሃሉ ላይ ጥቁር ቅርፊትና እብጠት ካለ ጊዜ አትስጡት። የጫጩት ጣት ላይ ጭቃ ደርቆ ከተድበለበለ ደግሞ በኃይል አትንቀሉት፣ ጥፍሩ አብሮ ሊነቀል ይችላል። ለብ ባለ ውሃ እየነከራችሁ አሟሙት።

ከእግሩ የሚብሰው ኮክሲዲዮሲስ የሚባለው የአንጀት በሽታ ነው። የዚህ በሽታ ተውሳክ ከኩስ ጋር ሲወጣ ገና አይበክልም። ሙቀትና እርጥበት ካገኘ ግን በ1 ወይም በ2 ቀን ውስጥ ለመበከል ይደርሳል። ሙቀት ያለው እርጥብ ጭቃ የሚፈልገው ቦታ ነው። ዋናው ተጎጂ ከ3ኛው ሳምንት በኋላ ያሉ ጫጩቶች ናቸው። ኩርምት ብለው ላባቸውን ካንጨፈረሩ፣ ኩሳቸውም ደም ከቀላቀለ ሳትውሉ ሳታድሩ የእንስሳት ሐኪም አማክሩ። ጫጩት የሚያሳድግ ሰው ቢያንስ የእነሱን ቦታ ከጭቃው ይለይላቸው።

«በዝናብ ጊዜ ቤቱን ጥርቅም አድርጎ መዝጋት ነው።»

ዶሮን የሚጎዳት ርሳ ነፋስ ሲመታት ነው። ስለዚህ ከግቢው የተወሰነውን ክፍል በጣሪያ ሸፍኑላት፣ ነፋስ በሚመጣበት በኩልም ከልሉላት። አፈር የምትታጠብበት ደረቅ ጥግም እዚያው ይሁን። ቤቱ ግን ይተንፍስ። ከዶሮ ኩስ ሦስት አራተኛው ያህል ውሃ ነው። ያ ሁሉ እርጥበት መውጫ ሲያጣ ጉዝጓዙ ይረጥባል፣ ከኩሱ የሚወጣው አሞኒያ የሚባል የሚያቃጥል ጋዝም ይታመቃል። ጠዋት በሩን ስትከፍቱ በርከክ ብላችሁ በዶሮዋ ቁመት አሽትቱ። ዓይናችሁን ካቃጠለ እነሱ ሌሊቱን ሙሉ ሲተነፍሱት አድረዋል። አየር ማስገቢያው ቆጥ ላይ ከተቀመጠች ዶሮ ጭንቅላት በላይ ይሁን፤ ነፋሱ እሷን ሳይመታ ያልፋል።

«የጨቀየ እንቁላል በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቦ ይቀመጣል።»

ቀዝቃዛ ውሃ በቅርፊቱ ቀዳዳዎች በኩል ባክቴሪያ ወደ ውስጥ እንዲሳብ ያደርጋል። መታጠቡ ራሱም ቅርፊቱን የሚጠብቀውን ስስ ሽፋን ያስለቅቃል። ትንሽ ቆሻሻ ከሆነ በደረቁ ጠርጉት። የግድ ከታጠበ ከእንቁላሉ ሞቅ ባለ ውሃ ይታጠብና ቶሎ ይበላ። እንቁላል የሚጥሉበትን ቦታ ከበሩ ራቅ አድርጋችሁ፣ ደጃፉ ላይም የእንጨት ርብራብ ብታነጥፉ ዶሮዋ ጭቃዋን እግረ መንገዷን አራግፋ ትገባለች።