ኤፒአር ምንድን ነው?

የአንዳንድ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያዎች ስም ላይ «ኤፒአር» (APR፣ Accredited in Public Relations) የምትል ቅጥያ ታያላችሁ። ብዙ ሰው ዲግሪ ትመስለዋለች። ዲግሪ አይደለችም፣ የሥራ ፈቃድም አይደለችም። በተለይ አሜሪካ ውስጥ የሚሰጥ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ናት፤ ባለሙያው በሙያ አጋሮቹ ፊት ቀርቦ፣ ሥራውን አስረድቶ፣ ፈተናም ተቀምጦ ማለፉን ትናገራለች።

የፈቃዱን ነገር ላብራራው፣ ምክንያቱም ግራ የሚያጋባው እሱ ነው። ሐኪም ያለ ፈቃድ ቢያክም በሕግ ይጠየቃል። በአሜሪካ ግን ማንም ሰው ነገ ጠዋት ተነስቶ «የሕዝብ ግንኙነት አማካሪ ነኝ» ቢል ከልካይ የለውም። ከሙያው ፈር ቀዳጆች አንዱ የሆነው ኤድዋርድ በርኔይስ መንግሥት ፈቃድ ይስጥ እያለ ለዓመታት ቢሟገትም አልሆነለትም። ብራዚል እ.ኤ.አ. በ1967፣ ናይጄሪያ ደግሞ በ1990 ሙያውን በሕግ ሲያስሩት፣ አሜሪካ ውስጥ ነገሩ ለባለሙያዎቹ ፈቃደኝነት ተተወ። እ.ኤ.አ. በ1947 የተመሠረተው የአሜሪካ የሕዝብ ግንኙነት ማኅበር በ1964 ይህን ምስክርነት ጀመረ። ከ1998 ወዲህ ሌሎች የሙያ ማኅበራትም የተወከሉበት ቦርድ ይመራዋል።

ሂደቱ ሁለት ትልልቅ ደረጃ አለው። መጀመሪያ ስለ ልምዳችሁ የተዘጋጁ ጥያቄዎችን በጽሑፍ ትመልሳላችሁ፤ ከዚያ ራሳቸው ኤፒአር የሆኑ ሦስት ሰዎች ፊት ቀርባችሁ የሠራችሁትን አንድ ሥራ ከነዕቅዱ ታስረዳላችሁ። ይሄን ያለፈ በኮምፒውተር ወደሚሰጠው ፈተና ይሄዳል። አምስት ዓመት ገደማ የሥራ ልምድ ቢኖራችሁ ይመከራል፤ ምክሩ ደግሞ እውነት አለው፣ ገና ያልሠሩትን ሥራ ማስረዳት ከባድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ኤፒአርን ኤፒአር የሚያደርጋት አራት ነገር ናቸው፦ ጥናት፣ ዕቅድ፣ ትግበራ፣ ግምገማ። በፈተናው ይዘት ዝርዝር ውስጥም ትልቁን ድርሻ፣ 33 በመቶውን፣ የያዙት እነዚህ ናቸው። በወረቀት ሲታዩ ቀላል ናቸው። በየቢሮው ግን የምንሠራው በተቃራኒው ነው፦ አለቃ «መግለጫ አውጡ» ይላል፣ እኛም እናወጣለን፣ ከዚያ ስንት ጋዜጣ ላይ እንደወጣ ቆጥረን ሪፖርት እንጽፋለን። ማን ያንብበው፣ አንብቦስ ምን ይለወጥ የሚለውን የጠየቀ የለም።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። አንድ ሆስፒታል ሰዎች በቀጠሯቸው ቀን እየቀሩ ተቸገረ እንበል። የለመድነው ዓላማ «ስለ ቀጠሮ ግንዛቤ መፍጠር» ነው፤ ይሄ ደግሞ ተሳካ አልተሳካ ማንም ሊያረጋግጠው አይችልም። ኤፒአር የያዘ ሰው ግን መጀመሪያ የቀሩትን ሰዎች ለምን እንደቀሩ ይጠይቃል። ምናልባት አልረሱም፣ ቀጠሮ የሚሰረዝበት ስልክ አልነሳ ብሏቸው ነው። እንደዚያ ከሆነ ፖስተር መለጠፍ ገንዘብ ማባከን ነው፣ መስተካከል ያለበት ስልኩ ነው። ከዚያ በኋላ ነው «በስድስት ወር ውስጥ ሳያሳውቁ የሚቀሩትን ሰዎች ቁጥር በግማሽ መቀነስ» የሚል፣ ቀን ያለው፣ ልክ ያለው ዓላማ የሚጻፈው። ሲያልቅ ተቆጥሮ ይታያል። ለእኔ የዚህ ምስክርነት ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው፣ ሰውን መጀመሪያ እንዲጠይቅ፣ በኋላ እንዲናገር ማስለመዱ።

የቀረው የፈተናው ክፍል ስለ አመራር፣ ከሰዎች ጋር ስለሚኖር ግንኙነት፣ ስለ ቀውስ ጊዜ ተግባቦት፣ ስለ ሥነ ምግባርና ሕግ፣ ጥቂትም ስለ ሙያው ንድፈ ሐሳብና ታሪክ ነው። ሥነ ምግባሩን እንደ ትንሽ ምዕራፍ አትዩት። ደንበኛ «ይሄን ደብቅልኝ» ያላችሁ ቀን ምን ትላላችሁ? መልሱን አስቀድሞ ያላሰበበት ሰው ያን ቀን ይንገዳገዳል።

አንዴ ካገኛችኋት ደግሞ የዕድሜ ልክ አይደለችም። በየሦስት ዓመቱ ትምህርት መቀጠላችሁንና ለሙያው ማገልገላችሁን እያሳያችሁ ታድሷታላችሁ። በእንግሊዝም ተመሳሳይ መንገድ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 የንጉሣዊ ቻርተር (በዘውዱ ስም የሚሰጥ የዕውቅና ሰነድ) ያገኘው የዚያ አገር የሕዝብ ግንኙነት ተቋም «ቻርተርድ» የሚል ማዕረግ ይሰጣል።

ደሞዝ ትጨምራለች ወይ ለሚል፣ ቀጣሪው ካላወቃት ወዲያው ላትጨምር ትችላለች። ለመሞከር ያሰበ ሰው ግን ክፍያውን ከመክፈሉ በፊት ከሠራቸው ሥራዎች አንዱን ያውጣና አራቱን ጥያቄ ይጠይቀው፦ ምን አጠናሁ፣ ምን አቀድኩ፣ ምን ሠራሁ፣ ምን ተለወጠ? ብዙውን ጊዜ ባዶ ሆኖ የሚገኘው የመጀመሪያውና የመጨረሻው ነው፤ ዝግጅቱም ከዚያ ይጀምራል።