«ዘራፍ» ያለ ሁሉ ገዳይ አይደለም፦ ስለ ራፕ ፉከራ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ለፋሲካ ፍኖተ ሰላም ወንድሜ ቤት ነበርኩ። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጁ በስልኩ የእንግሊዝኛ ራፕ ከፍቶ ያዳምጣል። ወንድሜ «ምን እያለ ነው የሚለፈልፈው?» አለው። ልጁም ቃል በቃል ተረጎመለት፦ ሰውየው ተፎካካሪዎቹን ሁሉ ገድሏል፣ አንገቱ ላይ በረዶ አስሯል፣ አለንጋውን ደጅ አቁሟል፣ ከእሱ በላይ ሰው አልተፈጠረም። የወንድሜ ፊት ጠቆረ። «ይህማ ነፍሰ ገዳይ ነው፤ ዝጋው!» አለ። ልጁ ዘጋው፤ እኔን ግን ነገሩ ከነከነኝ። ይኸው ወንድሜ ሰርግ ላይ ዱላውን እየነቀነቀ «አካኪ ዘራፍ!» ሲል እያየሁ ነው ያደግኩት። ሰው መግደል ቀርቶ ጎረቤቱን በክፉ ቃል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ስለ እንዲህ ያለ ዘፈን ከእሱም ከሌሎችም የምሰማቸውን ስህተቶች እንደሚከተለው አቃናለሁ።

«የሚለውን ሁሉ አድርጎታል»

ይህ ዋናው ስህተት ነው፤ ሌሎቹም ከዚሁ ይወለዳሉ። በፉከራ ውስጥ «እኔ» የሚለው ሰው ለምስክርነት የቀረበ ሰው አይደለም። እኛ ዘንድ ፎካሪው ብድግ ሲል የአባቱን ስም ይጠራል፣ የአያቱን ጀግንነት የራሱ አድርጎ ይናገራል፣ ያልዋለበትን ጦር ሜዳ ይውልበታል። ሰሚውም ይህን ያውቃል። «ውሸታም» ብሎ የሚያቋርጠው የለም፤ «በለው!» ነው የሚለው። ራፕም የራሱ ሰሚ አለው፤ ያ ሰሚ ደንቡን ያውቃል።

አንድ ማስረጃ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣውና ራፕን ከኒው ዮርክ አልፎ ለዓለም ያስተዋወቀው «ራፐርስ ዲላይት» የሚባለው ዘፈን ውስጥ፣ ከሦስቱ ዘፋኞች አንዱ ቢግ ባንክ ሃንክ የሌላ ሰው ስንኝ ተውሶ ነው የፎከረው። የስንኙ ባለቤት ግራንድማስተር ካዝ ይባላል፤ ቀድሞ «ካሳኖቫ ፍላይ» ይሉት ነበር። ሃንክ የካዝን ስም ፊደል በፊደል እየቆጠረ «እኔ ነኝ» አለ! እንግዲህ በዚያ ዘፈን «እኔ» ማን ነው? ሕይወት ታሪክ አድርጎ የሚሰማው ሰው ገና ከመጀመሪያው ይሳሳታል።

ስህተቱ ቤት ውስጥ ብቻ ቢቀር መልካም ነበር። አሜሪካ ውስጥ የራፕ ግጥም በወንጀል ችሎት ማስረጃ ሆኖ ሲቀርብ ኖሯል። በኒው ጀርሲ አንድ ተከሳሽ የጻፋቸው 13 ገጽ ግጥሞች በችሎት ተነበውበት ተፈርዶበት ነበር፤ የግዛቷ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 ከወንጀሉ ጋር የሚያገናኛቸው ነገር የለም ብሎ፣ ግጥሞቹ መቅረብ እንዳልነበረባቸው ወሰነ። ካሊፎርኒያም እ.ኤ.አ. በ2022 ዳኞች እንዲህ ያለውን ማስረጃ ከመቀበላቸው በፊት እንዲመረምሩ የሚያዝ ሕግ አውጥታለች። ፉከራን እንደ ቃለ መሐላ ማንበብ የሰው ሕይወት ያስከፍላል ማለት ነው።

«መዝገበ ቃላት ካለ ይበቃል»

የወንድሜ ልጅ የተረጎመው ሁሉ መዝገበ ቃላት ውስጥ አለ። ግን «አይስ» (በረዶ) በዚያ ሰፈር አልማዝ ነው፤ «ዊፕ» (አለንጋ) መኪና ነው። «ገደልኩት» ማለትም መድረክ ላይ በለጥኩት ማለት ነው። እኛስ «በሳቅ ገደለን» ስንል ሬሳ የሚፈልግ አለ?

«ጉራ ብቻ ነው፣ ጥበብ የለውም»

ይህን ከጎጃም ሰው ስሰማ በጣም ያሳዝነኛል። በቅኔ ስልት ስማቸው ከሚጠራው ከዋድላ፣ ከዋሸራና ከጎንጅ ሁለቱ የእኛው ናቸው። የቅኔ ተማሪ በሁለት ስንኝ ጉባኤ ቃና ጀምሮ እየጠነከረ ይሄዳል፤ የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ቢደግም ያፍራል። ያን ጆሮ ይዘን ራፕን ስንሰማ የት እንደምናስቀምጠው አይገባኝም።

ለማሳየት ያህል አንድ ፉከራ ራሴ ልግጠም፦

እኔ ስናገረው መንደርተኛው ነቃ፣
ሌላ ተናጋሪ ከእንግዲህ ወዲያ በቃ።

ሰሙ ግልጽ ነው፤ እኔ ካለሁ የሌላ ሰው ንግግር ይብቃ ይላል። ኅብረ ቃሉ ግን «በቃ» ነው። በሌላ በኩል ሲሰሙት ሌላው ተናጋሪ ችሎታ አገኘ፣ ለመናገር በቃ ይላል፤ ፎካሪው አስተማሪ ሆኖ ቁጭ አለ። ላይ ላዩን የሰማ ሰው ጉራውን ይዞ ይሄዳል፤ ትርፉ ግን ከሥር ነው።

ጥሩ ራፐር የሚሠራው ይህንኑ ነው። በአብዛኛው 16 ባር (አንዱ ባር አራት ምት ነው) በሆነ አንቀጽ ውስጥ በድምፅ የሚገጥሙ፣ በትርጉም የሚለያዩ ቃላትን ይደረድራል። ከስንኙ መጨረሻ ብቻ ሳይሆን ከመሐሉም ቤት ይመታል፤ ትንፋሹን እንኳ ለምቱ ይለካል። እውነት ነው፣ ቅኔ በግእዝ የሚዘረፍ የቤተ ክርስቲያን ጥበብ ነው፤ ራፕ የሌላ አገር የመንገድ ልጅ ነው፤ አንድ ናቸው አልልም። የፉከራው ጭብጥ ግን ብዙ ጊዜ «እኔ ከአንተ የተሻለ እገጥማለሁ» ነው፤ ማረጋገጫውም እዚያው ስንኙ ላይ ነው። ስንኙን ሳይመዝኑ ጉራ ማለት የወርቁን ሚዛን ሳያዩ ዋጋ መቁረጥ ነው።

«ሀብት ስላሰከረው ነው»

ራፕ የበቀለበት ሂፕ ሆፕ የሚባለው ባህል የተጀመረው በኒው ዮርኩ ብሮንክስ ነው። ነሐሴ 5 ቀን 1965 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1973) ዲጄ ኩል ኸርክና እህቱ ሲንዲ ካምቤል በሚኖሩበት ሕንፃ ጭፈራ አዘጋጁ፤ ሲንዲ ገንዘቡን የፈለገችው ለትምህርት ቤት መክፈቻ ልብስ ለመግዛት ነበር። ልብስ መግዣ ካጣ ሰፈር ነው ይህ ሁሉ ወርቅና አልማዝ የተፎከረው። ፉከራው ከሀብቱ ይቀድማል። ስም ማውጣቱም እንደዚያው ነው፤ ራፐር ለመድረክ ስም ሲያወጣ የሚስቅ ሰው የፈረስ ስምን ይርሳ እንዴ? ጣሊያንን በጎጃም የተፋለመውን በላይ ዘለቀን «አባ ኮስትር» የምንለው እኮ እኛው ነን።

«ስም ጠርቶ ከሰደበው ጠላቱ ነው»

ሁልጊዜ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1981 በኒው ዮርኩ ሃርለም ኩል ሞ ዲ የተባለው ራፐር ቢዚ ቢ የተባለውን ሌላ ራፐር በስንኝ ሲያብጠለጥለው የተነሣው ጥያቄ የሚሻለው ገጣሚ ማን ነው የሚል ነበር።

«ፉከራ ነው ከተባለ አይወቀስም»

ይህ ደግሞ የወጣቶቹ ስህተት ነው፤ የወንድሜ ልጅም ሲሟገተኝ ይህንኑ አለኝ። ደንቡን ማወቅ ፍርድን አያስቀርም። ሴትን እንደ ዕቃ የሚቆጥር ስንኝ ቤት ቢመታም ያው ነው፤ እኔ አልወደውም፤ ልጁንም ፊት ለፊት ነገርኩት። ደግሞ አንዳንዱ ፉከራ እውነተኛ ጠብ ይጭራል። በእኛም አገር ደም ያላቸው ሰዎች አንድ ዳስ ውስጥ ሲቀመጡ፣ ሽማግሌዎች ፎካሪውን እጁን ይዘው «ተው፣ ዛሬ አይሆንም» ሲሉት አይቻለሁ። ፎካሪው ቁጭ አለ፤ ማንም «ፈራ» አላለውም።