«ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ»፦ የሲራራ ነጋዴ ልመና

«ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል።» ይህች አባባል ያለ ቦታዋ ስትነገር በሰማሁ ቁጥር ይከነክነኛል። ብዙ ሰው የማጀት ተረት ያደርጋታል። እኔ ግን የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሲራራ ነጋዴ፣ ሸቀጡን በእንስሳ ጭኖ አገር ለአገር የሚዞረው፣ የወለዳት ናት ባይ ነኝ።

ጨዉ የሚወጣው በአፋር ነው፣ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ከሚለው ከአሳሌ ሜዳ። አንዱ ንጣፉን በእንጨት ይፈነቅላል። ሌላው እየጠረበ አሞሌ፣ ማለትም የጨው ጡብ፣ ያደርገዋል። ያኔ ከዚያ በግመልና በበቅሎ ወደ ትግራይ ደጋ ይወጣ ነበር። ከትግራይ ጎንደር፣ ከጎንደር ጎጃም፣ ከዚያም ዓባይን ተሻግሮ እስከ ደቡብ ምዕራቡ የግቤ አገሮች። በጎጃሙ ባሶ ገበያ ላይ ከግቤ ማዶ የመጣ ወርቅ፣ ዝባድና ቡና ይገኝ ነበር። ያሳዝናል፣ ባሪያም ይሸጥ ነበር።

አሞሌ ያኔ ገንዘብ ነበር። ለትልቁ ግብይት ጠገራ ብር (የማሪያ ቴሬዛ ብር)፣ ለዝርዝሩ አሞሌ። ከአሳሌ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። ግን ደግሞ ዝናብ ያሟሟዋል፤ ከተሰበረ ዋጋው ይወርዳል። ነጋዴው እንዳይሰበርበት በልጥ ያስረዋል፣ ወንዝ ሲሻገር በጭንቀት ነፍሱ ልትወጣ ትደርሳለች።

አያቴ አሞሌውን ክረምት ሲገባ ከምድጃው በላይ ጭስ በሚያገኘው ቦታ ታኖረው ነበር። ለወጥ ስትወቅጥ ጠርዙን ሰብራ ለእኛ ለልጆች ታቀብለናለች። የታለበችውንም ላም ታልሳታለች። ጥቀርሻ የለበሰ፣ ግራጫ ነገር ነው። ላልቀመሰው ቁርጥ ድንጋይ!

ለእኔ የአባባሏ ምስጢር እዚህ ላይ ነው። ባሶ ላይ የሚቀበለው ሰው አሳሌን አይቶ አያውቅም። የሚያውቀው ምላሱን ነው። ካልጣመው የወራት ጉዞ፣ በየኬላው የተከፈለው ቀረጥ፣ የሞቱት በቅሎዎች፣ ሁሉም ከንቱ። እናም ነጋዴው ጭነቱን እያራገፈ ጨዉን «እባክህ ጣፍጥልኝ» ይለዋል። ጨዉ ቢጣል አብሮ የሚከስረው እሱ ነው።

በ1880ዎቹ ዓ.ም. የምኒልክ ብር ከወጣ በኋላም አሞሌ ገበያውን ቶሎ አልለቀቀም። አባባሏ ግን ባለቤቷን አጥታለች። ዛሬ አንዳንዱ ግማሿን ቆርጦ ራሱን ያሞግስባታል። አለቆች ደግሞ «ይጥሉሃል» የሚለውን ብቻ ይዘው ሠራተኛ ያስፈራሩባታል። ይሄ ነውር ነው። አብሮ ለመክሰር ያልተዘጋጀ አለቃ ሌላ ተረት ይፈልግ።