ኦዲዮ ኢንተርፌስ፦ ምንነቱ፣ አገጣጠሙና የአጠቃቀም ጥንቃቄው

ኦዲዮ ኢንተርፌስ በማይክሮፎንና በኮምፒውተር መካከል የሚቆም የስቱዲዮ መሣሪያ ነው። ከማይክ ወይም ከሙዚቃ መሣሪያ የሚመጣውን የኤሌክትሪክ ሞገድ ወደ ቁጥር ይለውጣል፤ ከኮምፒውተሩ የሚመለሰውን ቁጥር ደግሞ ሞገድ አድርጎ ለስፒከርና ለሄድፎን ይሰጣል። ብዙ ሰው «ሳውንድ ካርድ» ይለዋል። ስሙ ስሕተት ባይሆንም ሥራውን ያሳንሰዋል፤ በአንዲት ሣጥን ውስጥ የማይኩን ደካማ ሲግናል የሚያጎላ ፕሪአምፕ፣ በሁለቱም አቅጣጫ የሚለውጡ ኮንቨርተሮች፣ የሄድፎን አምፕሊፋየርና ሁሉንም በአንድ ምት የሚያስኬድ ክሎክ ተጠቃለው ይገኛሉ። ብልሽትም በሁለት በር ይገባል፦ ወይ በቮልቴጅ በኩል፣ ወይ በክሎክ በኩል። ይህን የለየ ባለሙያ ችግር ሲገጥመው ከየት እንደሚጀምር አይጠፋውም።

የመጣበት መንገድ

ድምፅን በቁጥር መቅዳት ወደ ስቱዲዮ የገባው በ1970ዎቹ ነው፤ እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ያን ያህል መረጃ ለመሸከም በእጅ የነበረው የቪዲዮ ቴፕ መቅጃ ስለሆነ ቁጥሩ በምስል መስመሮች ላይ ይጻፍ ነበር። ዛሬም የምንሠራበት 44.1 ኪሎኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 44,100 ናሙና (የድምፁ ቅጽበታዊ ልክ)፣ የተገኘው ከዚያ ነው። በአንድ መስመር 3 ናሙና፣ በአንድ ፊልድ (የቪዲዮው ግማሽ ምስል) 245 መስመር፣ በሰከንድ 60 ፊልድ፤ ሲባዛ 44,100 ይመጣል። በሰከንድ 50 ፊልድ በሚሠራው የቪዲዮ ሥርዓት ደግሞ 294 መስመር ተወስዶ ያው ቁጥር ይገኛል። ሲዲ በ1982 ለገበያ ሲቀርብ ይህንኑ ይዞ ወጣ።

በ1985 የኦዲዮ ኢንጂነሪንግ ሶሳይቲ ኤኢኤስ3 የተባለውን ደረጃ አወጣ፤ ሁለት ቻናል ዲጂታል ድምፅ በአንድ 110 ኦም ባላንስድ ኬብል (ሲግናሉን በሁለት ተቃራኒ ሽቦዎች አስኪዶ ጣልቃ የሚገባን ጫጫታ የሚቀንስ) የሚጓዝበት ነው። የቤት ዕቃዎች ላይ የሚታየው ዘመዱ ስፒዲፍ በ75 ኦም ኮአክሲያል ወይም በኦፕቲካል ኬብል ይሄዳል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የአሌሲስ ኩባንያ ኤዳት የተባለውን 8 ትራክ ዲጂታል መቅጃ አመጣ። ማሽኑ ከሥራ ከወጣ ቆይቷል፤ በአንድ ቀጭን የብርሃን ኬብል 8 ቻናል የሚያስተላልፈው ሶኬቱ ግን እስከ ዛሬ በኢንተርፌስ ጀርባ ላይ አለ። በ48 ኪሎኸርዝ 8 ቻናል፣ በ96 ኪሎኸርዝ 4 ቻናል ይይዛል።

የሙዚቃ ሶፍትዌር ኩባንያው ስታይንበርግ በ1997 ያወጣው አሲዮ የተባለ የድራይቨር (ኮምፒውተሩ መሣሪያውን የሚያናግርበት ፕሮግራም) ደረጃ የቀረጻ ፕሮግራሙ የዊንዶውስን ሚክሰር አልፎ በቀጥታ ከመሣሪያው ጋር እንዲነጋገር አስቻለ። ፋየርዋየር የተባለው የኮምፒውተር ማገናኛ መጥቶ ሄደ። ዘላቂውን ቦታ የያዘው ዩኤስቢ ነው። የዩኤስቢ ኦዲዮ ክላስ የመጀመሪያው ደረጃ በ1998፣ ሁለተኛው በ2006 ወጣ፤ ዊንዶውስ ለሁለተኛው የራሱን ድራይቨር ያስገባው ግን በ2017 ነው። ክላስ ኮምፕሊያንት የሚባሉት ኢንተርፌሶች በዚህ የጋራ ደረጃ ስለሚሠሩ አምራቹ ድራይቨር መሥራት ቢያቆም እንኳ መሣሪያው አብሮ አይሞትም። የጋራ ደረጃ ለድምፅ ሥራ ከሰጣቸው ነገሮች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው ማለት ይቻላል።

ኃይልና ዩኤስቢ

የራሱ አዳፕተር ያለው ኢንተርፌስ ከሆነ ከመሰካት በፊት ሦስት ነገር ይነበባል፦ ቮልቱ፣ አምፔሩ፣ የፖላሪቲው ምልክት። ቮልቱ ትክክል አንድ መሆን አለበት፤ አምፔሩ እኩል ወይም በላይ ቢሆን ችግር የለም። የመሐል ፒኑ ፖዘቲቭ ነው ወይስ ኔጋቲቭ የሚለው ከተገለበጠ መከላከያ የሌለው መሣሪያ ወዲያው ይቃጠላል። ሶኬቱ ልክ ስለገባ ብቻ የሌላ መሣሪያ አዳፕተር መጠቀም ኢንተርፌስ ከሚገድሉ ስሕተቶች አንዱ ነው። አንዳንድ አዳፕተሮች ኤሲ የሚያወጡ መሆናቸውም አይዘነጋ።

ኃይሉን ከኮምፒውተሩ የሚወስደው ዓይነት በዩኤስቢ 2.0 የሚያገኘው 5 ቮልት በ500 ሚሊአምፔር፣ ማለትም 2.5 ዋት ነው። በዩኤስቢ 3.0 900 ሚሊአምፔር ይደርሳል። ከዚህች ላይ ፕሪአምፑም፣ ሄድፎኑም፣ ፋንተም ፓወር የሚባለው ለኮንደንሰር ማይክ የሚላከው 48 ቮልትም ይካፈላሉ። የራሱ ኃይል በሌለው ሃብ ላይ ከተሰካ ፋንተም ፓወሩ ይወርዳል፤ ማይኩ ይሠራል ግን «ሽ» የሚል ድምፅ ያወጣል ወይም ድምፁ ቶሎ ይሰነጠቃል። ስለዚህ በቀጥታ ከኮምፒውተሩ ፖርት ይሰካል። ኬብሉ ለዩኤስቢ 2.0 ከ5 ሜትር አይብለጥ፤ ባጠረ ቁጥር ይሻላል። የታይፕ ሲ ሶኬት ቅርጽ ስለ ፍጥነቱ የሚናገረው ነገር የለም፤ ለስልክ ቻርጅ ብቻ የተሠራ ኬብል መረጃ ላያሳልፍ ይችላል።

ድራይቨሩ ከአምራቹ ይወርድና መመሪያው ሌላ ካላለ መሣሪያው ሳይሰካ ይጫናል። ፈርምዌር (በመሣሪያው ውስጥ ያለው ፕሮግራም) ሲታደስ ላፕቶፑ ከኤሌክትሪክ ላይ ይሁን፣ ሃብ በመሐል አይግባ፣ እስኪጨርስም አይነቀል። በመሐል የተቋረጠ ፈርምዌር መሣሪያውን ዳግም እንዳይነሣ ሊያደርገው ይችላል።

የማብራትና የማጥፋት ቅደም ተከተል

ስፒከር መጨረሻ ይበራል፣ መጀመሪያ ይጠፋል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ኢንተርፌሱ ሲነሣና ሲተኛ በውስጡ ያሉ ካፓሲተሮች ሲሞሉና ሲራገፉ ከመውጫው ላይ የቮልቴጅ ዝላይ ይወጣል። ስፒከሩ በርቶ ከጠበቀው ይህ ዝላይ «ዱም» ብሎ ይሰማል፤ በተለይ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣውን ትዊተሩን ይጎዳል። ኮምፒውተሩን ሪስታርት ማድረግም በዩኤስቢ ኃይል የሚሠራ ኢንተርፌስን ያጠፋዋልና ስፒከሩ ቀድሞ ይጥፋ። ሄድፎንም ከጆሮ ይውረድ።

ከኢንተርፌስ ወደ ስፒከር የሚሄደው ኬብል ሁለቱም ጫፍ ባላንስድ ከሆኑ ቲአርኤስ (ሦስት መገናኛ ነጥብ ያለው ጃክ) ወይም ኤክስኤልአር (ባለ ሦስት ፒን የማይክ ማገናኛ) ይሁን። በኤክስኤልአር ፒን 1 ግራውንድ፣ ፒን 2 ሆት፣ ፒን 3 ኮልድ ነው። ስፒከሩ ላይ የፕላስ 4 እና የማይነስ 10 ማብሪያ (የሲግናሉን መጠን መምረጫ) ካለ ከኢንተርፌሱ ጋር መግባባት አለበት። የመጀመሪያው 1.23 ቮልት፣ ሁለተኛው 0.316 ቮልት ነው፤ ልዩነታቸው 12 ዲሲቤል ገደማ ስለሆነ ሳይጠበቅ ሲዘል ጆሮንም ስፒከርንም ይጎዳል።

ማይክ፣ ጌንና ፋንተም ፓወር

እያንዳንዱ መግቢያ የራሱ ባሕርይ አለው። የማይክ መግቢያ ከ1.5 እስከ 3 ኪሎኦም አካባቢ፣ የላይን መግቢያ 10 ኪሎኦምና ከዚያ በላይ፣ የጊታር መግቢያ ደግሞ 1 ሜጋኦም ገደማ ነው። ፓሲቭ ፒክአፕ (ባትሪ የሌለው የድምፅ መቀበያ) ያለው ጊታር በላይን መግቢያ ሲገባ ከፍተኛው ድምፅ ይሞታል፤ የደነዘዘ፣ ብርድ ልብስ የለበሰ የሚመስል ቀረጻ ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው የኢንስትሩመንት ማብሪያው ነው። ለስፒከር የተዘጋጀ የፓወር አምፕ መውጫ ግን በየትኛውም መግቢያ አይሰካም፤ ኢንተርፌሱን ያቃጥላል።

ጌን፣ ማለትም ፕሪአምፑ ሲግናሉን የሚያጎላበት መጠን፣ የሚስተካከለው ዘፋኙ የመዝሙሩን ወይም የዘፈኑን ከፍተኛ ቦታ ሲያሰማ ነው። በዲጂታል ሜትር 0 ጣሪያ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚጻፍ ቁጥር ስለሌለ ሞገዱ ጫፉ ይቆረጣል፣ ከተቆረጠ በኋላም በንጹሕ የሚመልሰው ነገር የለም። ጫፎቹ በማይነስ 12 እና በማይነስ 6 ዲሲቤል መካከል፣ አማካዩ በማይነስ 18 አካባቢ ቢሆን በቂ ነው። በሙከራ ጊዜ የተሰማው ድምፅ ቀረጻ ሲጀመር ከፍ ማለቱ የተለመደ ነውና ይህ ክፍተት ይታሰብበት። «ሜትሩ ቀይ እስኪነካ ግፋው» የሚለው ልማድ ከቴፕ ዘመንና ከ16 ቢት የቀረ ነው። 16 ቢት በዝቅተኛውና በከፍተኛው ድምፅ መካከል 96 ዲሲቤል ገደማ ስፋት ሲኖረው 24 ቢት በስሌት 144 ይደርሳል፤ ጥሩ ኮንቨርተሮች በተግባር ከ110 እስከ 120 ይሰጣሉ። ዝቅ ብሎ መቅዳት የሚያሳጣው ነገር የለም።

ፋንተም ፓወር 48 ቮልት ነው። በሁለት እኩል 6.8 ኪሎኦም ሬዚስተሮች አልፎ በፒን 2 እና 3 ይሄዳል፣ በፒን 1 ይመለሳል። ቁጥሩ በ1966 ኖይማን ለኖርዌይ ብሮድካስት ማይክ ሲያዘጋጅ የመጣ ነው፤ ስቱዲዮዎቹ ለአደጋ ጊዜ መብራት 48 ቮልት አስቀድመው ስለነበራቸው ነው ይባላል። ባላንስድ ዳይናሚክ ማይክ በሁለቱም ጫፍ እኩል ቮልት ስለሚያይ በውስጡ ምንም አይፈስም፤ አይጎዳም። ፓሲቭ ሪበን ማይክ ግን ሌላ ነው። ኬብሉ አንድ ፒኑ ሾርት ካደረገ ሚዛኑ ይፈርስና በጥቂት ማይክሮን ውፍረት ባላት የአሉሚንየም ሪበን ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈሳል፤ ሪበኗ ትለጠጣለች ወይም ትበጠሳለች። ይህ አደጋ ከሁሉ በላይ የሚታየው በቲአርኤስ ፓችቤይ (ኬብሎች የሚቀያየሩበት የሶኬት ሰሌዳ) ነው፤ ጃኩ እየገባ ሳለ ጫፉና ቀለበቱ ለቅጽበት የማይገባቸውን ነጥብ ይነካሉና።

ልማዱ ይህ ይሁን፦ ጌን ወደ ታች፣ ስፒከር ሚዩት፣ ማይክ መሰካት፣ ከዚያ 48 ቮልት ማብራት፣ ጥቂት ሰከንድ መቆየት፣ ጌን መጨመር። ሲነቀል በተቃራኒው፤ 48 ቮልቱ ከጠፋ በኋላ ካፓሲተሮቹ እስኪራገፉ ግማሽ ደቂቃ ያህል መጠበቅ ይገባል። በብዙ ኢንተርፌሶች አንዱ ቁልፍ ሁለት ወይም አራት መግቢያ አንድ ላይ ያበራል፤ ሪበን ማይክ ከጎን መሰካት አለመሰካቱ አስቀድሞ ይታይ።

ሳምፕል ሬት፣ ክሎክና ባፈር

ሳምፕል ሬት በሰከንድ የሚወሰደው የናሙና ብዛት ነው፤ ለሙዚቃ 44.1 ወይም 48፣ ለቪዲዮ 48 ኪሎኸርዝ ይመረጣል። 96 ኪሎኸርዝ ይበልጥ ጥሩ ይሰማል ወይስ አይሰማም የሚለው ክርክር እስከ አሁን በባለሙያዎች መካከል አለ፤ ፋይሉ እጥፍ እንደሚሆን ግን ክርክር የለውም። የፕሮጀክቱና የኢንተርፌሱ ሳምፕል ሬት ካልተስማሙ ምልክቱ ግልጽ ነው፦ በ44.1 የተቀዳ በ48 ሲጫወት ወደ 9 በመቶ ይፈጥናል፣ በአንድ ተኩል ሴሚቶን ገደማ ይቀጥናል።

ሁለት ዲጂታል መሣሪያዎች በኤዳት ወይም በስፒዲፍ ሲያያዙ ክሎክ የሚሰጠው አንድ ብቻ ነው። ሌላው ክሎኩን ከውጭ እንዲወስድ ይደረጋል። ሁለቱም በራሳቸው ቢሄዱ በየጥቂት ሰከንዱ «ቲክ» ይላል፤ ብዙ ሰው ይህን እንደ ኬብል ብልሽት ቆጥሮ ኬብል ይለውጣል። ክሎክ ብቻ በሚያጓጉዝ የቢኤንሲ ኬብል (ወርድ ክሎክ) ከተያያዙ ኬብሉ 75 ኦም ይሁን፣ በሰንሰለቱ የመጨረሻው መሣሪያ ላይም 75 ኦም ተርሚኔሽን (መስመሩን የሚዘጋ ሬዚስተር) ይብራ። አንድ ኢንተርፌስ ብቻ ላለው ስቱዲዮ የውጭ ክሎክ መግዛት የገንዘብ ብክነት ነው። የኦፕቲካል ሶኬት አልሠራ ሲል በኬብሉ ጫፍ የቀረች ግልጽ ፕላስቲክ ክዳን መኖሯን ማየት ብዙ ጊዜ ያተርፋል።

ባፈር ኮምፒውተሩ ለመሥራት የሚሰጠው የጊዜ ክፍተት ነው። በ48 ኪሎኸርዝ 64 ናሙና 1.3 ሚሊሰከንድ፣ 128 ናሙና 2.7፣ 256 ናሙና 5.3፣ 1024 ናሙና 21.3 ሚሊሰከንድ ነው፤ ይህም በአንድ አቅጣጫ ነው፣ ድምፁ ገብቶ እስኪወጣ እጥፍና ከዚያ በላይ ይሆናል። ሲቀዳ ዝቅ፣ ሚክስ ሲደረግ ከፍ ይደረጋል። ዝቅ ተደርጎ ድምፁ ሲሰነጣጠቅ ኮምፒውተሩ አልደረሰም ማለት ነው፤ በዊንዶውስ የፓወር ፕላኑን ወደ ከፍተኛ ብቃት መለወጥ፣ ለዩኤስቢ ኃይል ቆጣቢውን ማጥፋት፣ ዋይፋዩን ለጊዜው መዝጋት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ዘፋኝ የራሱን ድምፅ ዘግይቶ እየሰማ ምቱን ሲስት ግን መፍትሔው ዳይሬክት ሞኒተሪንግ ነው፤ ድምፁ ኮምፒውተር ሳይገባ ከመግቢያው በቀጥታ ወደ ሄድፎን ይሄዳል። ይህ ሲበራ ፕሮግራሙ ውስጥ የትራኩ ሞኒተር መጥፋት አለበት፤ አለዚያ ድምፁ ሁለት ጊዜ ይሰማል።

ጉርምርምታና ጆሮ

ዝቅ ያለ የማያቋርጥ ጉርምርምታ፣ 50 ወይም 60 ኸርዝ ከነእጥፎቹ፣ አብዛኛውን ጊዜ የግራውንድ ሉፕ ነው፦ ኮምፒውተሩና ስፒከሩ በሁለት መንገድ ከመሬት ጋር ሲያያዙ። ላፕቶፑን ከቻርጀሩ ነቅሎ መስማት ፈጣኑ ምርመራ ነው። ሁሉንም በአንድ ማከፋፈያ ላይ መሰካት፣ ባላንስድ ኬብል መጠቀም፣ ሁለቱን ወገን በኤሌክትሪክ የሚለያይ ትራንስፎርመር ያለው ዲአይ ቦክስ ማስገባት መፍትሔዎቹ ናቸው። የዩኤስቢ አይሶሌተር (ኮምፒውተሩንና ኢንተርፌሱን በኤሌክትሪክ የሚለያይ) ሲገዛ ፍጥነቱ ይታይ፤ ብዙዎቹ ከ12 ሜጋቢት በሰከንድ አያልፉምና ለዩኤስቢ 2.0 ኢንተርፌስ አይበቁም። የኤሌክትሪክ ሶኬቱን የመሬት ፒን መቁረጥ ወይም በቴፕ መሸፈን ፈጽሞ አይደረግም። ጉርምርምታው ሊጠፋ ይችላል፤ አንድ ሽቦ በውስጥ በኩል ከብረት ሣጥኑ ጋር ከተነካካ ግን ሙሉው የመስመር ቮልት ማይኩን ከንፈሩ ላይ ያደረገው ዘፋኝ ዘንድ ይደርሳል።

ለጆሮ የሚሠራበት የአሜሪካው የሥራ ደኅንነት ተቋም፣ የናዮሽ፣ ልክ 85 ዲሲቤል ለ8 ሰዓት ነው፤ በየ3 ዲሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 88 ለ4 ሰዓት፣ 94 ለ1 ሰዓት፣ 100 ለ15 ደቂቃ። የሄድፎን ቁልፍ ፕሮጀክት ከመከፈቱ በፊት ዜሮ ላይ ይሁን። ማይክ ባለበት ክፍል ስፒከር ክፍት ሆኖ ትራክ ለቀረጻ ሲከፈት ፊድባክ (የስፒከሩ ድምፅ ወደ ማይኩ እየተመለሰ የሚፈጥረው ጩኸት) በቅጽበት ሙሉ ኃይሉን ያገኛል፤ በኢንተርፌሱ ሶፍትዌር ሉፕባክ (የኮምፒውተሩን ድምፅ መልሶ ወደ ቀረጻ የሚልከው) በርቶ ያው ቻናል ተመልሶ ሲቀዳም እንዲሁ ነው፤ ሄድፎን ላደረገ ሰው ደግሞ የሚሸሽበት ርቀት የለውም።